ይሉኝታን ሥራ ላይ ያዋሉት ከንቲባ

አንታናስ ሞኩስ የኮሎምቢያን ዋና ከተማ ቦጎታን ሁለት ጊዜ በከንቲባነት ያስተዳደሩ፣ በኋላም የሌሎች ከተሞች አማካሪ ሆነው የሠሩ የሒሳብና የፍልስፍና መምህር ናቸው። ፓርቲ ሳይኖራቸው ተመረጡ፤ ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ ተዋንያንን መንገድ ላይ አሰማሩ፤ የትራፊክ ፖሊሱን በተኑ፤ ሰርከስ ድንኳን ውስጥ ተሞሸሩ፤ በቴሌቪዥን ገላቸውን ታጠቡ። እንዲህ ሲዘረዘር የአንድ ቀልደኛ ታሪክ ይመስላል። ከቀልዱ ጀርባ ግን በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሲብላላ የቆየ ሐሳብ ነበር፤ ሐሳቡም ከእኛው «ይሉኝታ» ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞኩስ በ1952 ቦጎታ ውስጥ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ የተሰደዱ ሊቱዌኒያውያን ናቸው። መሐንዲስ የነበሩት አባታቸው ልጃቸው ገና ወጣት ሳሉ ሞቱ። ልጆቹን ያሳደጉት እናትየዋ ኒዮሌ ሺቪትስካስ ናቸው፤ በሸክላና በቅርጻ ቅርጽ ሥራቸው በኮሎምቢያ የታወቁ፣ በሐሳባቸው የማይበገሩ ሴት ነበሩ። ሞኩስ በከተማው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ሄደው በዲዦን ሒሳብ አጠኑ፤ ተመልሰውም በኮሎምቢያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ በፍልስፍና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። ሪዛቸውን ተላጭተው አገጫቸው ላይ ብቻ የሚያሳድጉት ጢም ከሩቅ ያስለያቸው ነበር። ለከንቲባነት ሲወዳደሩ ዕድሜያቸው ከአርባ አልፎም የሚኖሩት እናታቸው ቤት ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞኩስ የብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1993 ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ትልቅ አዳራሽ ንግግር ሊያደርጉ ወደ መድረክ ወጡ። አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ተናወጠ፤ ለመናገር ቢሞክሩም የሚሰማ ጠፋ። ሞኩስ ዞር አሉ፣ ቀበቷቸውን ፈቱ፣ ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው መቀመጫቸውን ለታዳሚው አሳዩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ድርጊቱ በካሜራ ተቀርጾ ስለነበር በቴሌቪዥን አገሩ ሁሉ አየው። ሞኩስ ሥራቸውን ለቀቁ። ሲጠየቁም ከፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ከፒየር ቡርዲዩ ትምህርት ጋር አያይዘው፣ ያደረጉት ምልክታዊ ኃይል መጠቀም እንደሆነ አስረዱ። ብዙው ኮሎምቢያዊ ቡርዲዩን አያውቅም ነበር። ሆኖም በፖለቲከኛ ውሸት የተሰላቸው ሕዝብ የገባው ነገር ቢኖር ይህ ሰው ፊት ለፊት የሚናገር፣ ለሹመቱ የማይሳሳ መሆኑ ነው። ከሥራ ያስወጣቸው ነውር ወደ ሌላ ሥራ የሚያስገባ ዝና ሆነ።

ያን ጊዜ ቦጎታ የምትፈራ ከተማ ነበረች። በ1993 ከ100 ሺህ ነዋሪ ወደ 80 የሚጠጋው በግድያ ይሞት ነበር፤ በመኪና አደጋ የሚሞተውም በዓመት ከ1 ሺህ ይበልጣል። ውሃ ያልገባላቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ለሾፌር ቀይ መብራት ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ዜብራ ላይ የቆመ መኪና እንጂ የሚያልፍ እግረኛ ማየት ብርቅ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ደግሞ ከቅጣቱ ይልቅ በጉቦው ይታወቃል። አስተዳደሩ ግን መለወጥ ጀምሮ ነበር። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ የቦጎታን ከንቲባ የሚሾመው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ በሕዝብ መምረጥ የተጀመረው በ1988 ነው። ከ1991ዱ ሕገ መንግሥት በኋላ ከንቲባ ሃይሜ ካስትሮ ለከተማዋ አዲስ የአስተዳደር ሕግ አስወጡ፤ ግብሩንም አስተካከሉ። ካስትሮ በዘመናቸው ብዙም አልተወደዱም። ይሁን እንጂ ከእሳቸው በኋላ የመጣ ሁሉ የሠራው እሳቸው በሞሉት ካዝና ነው።

በጥቅምት 1994 በተደረገው ምርጫ ሞኩስ በግላቸው ተወዳድረው፣ ሁለቱን ነባር ፓርቲዎች፣ ሊበራሉንና ወግ አጥባቂውን፣ ሳይጠጉ አሸነፉ። ከተፎካካሪዎቻቸው አንዱ ኋላ ራሳቸው ከንቲባ የሆኑት ኤንሪኬ ፔኛሎሳ ነበሩ። ሞኩስ ጥር 1995 ሥራ ሲጀምሩ ለከተማው ምክር ቤት አባላት ሹመትና ውል የማደል የቆየ ልማድ አልቀጠሉም። ከምክር ቤቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻካራ የሆነው በዚህ ነው። በዙሪያቸው የሰበሰቡት ምሁራንን ነበር፤ አንዳንዶቹ ከሥልጣን ቢሮ ይልቅ ጥቁር ሰሌዳ የሚቀናቸው ሰዎች ነበሩ።

አስተዳደራቸው የተመሠረተበት ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ከጥፋት የሚታቀበው በሦስት ነገር ነው፤ ሕግ ይቀጣኛል ብሎ፣ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል ብሎ፣ ወይም ሰው ምን ይለኛል ብሎ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲጎትቱ ከተማ ይሰምራል። በቦጎታ ግን ተለያይተዋል፤ ሕጉ የሚከለክለውን ሕሊና ይፈቅደዋል፣ ጎረቤትም ያደንቀዋል። ቀይ መብራት ጥሶ ያለፈ ሾፌር ጓደኞቹ ዘንድ ጮሌ ነው። ከንቲባው ያተኮሩት በሦስተኛው፣ በይሉኝታው ላይ ነው። የቦጎታ ሰው ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ መሳቂያ መሆንን ይፈራል ብለው አሰቡ። ሥራውንም «የዜግነት ባህል» ብለው ሰየሙት፤ በከተማው የልማት ዕቅድ ውስጥ በጀት የተያዘለት ፕሮግራም አደረጉት። መንገድ መሥራትና ቧንቧ መዘርጋት እንደሚመደብለት ሁሉ ለጨዋነትም ገንዘብ ተመደበ።

መጀመሪያ የወጡት 20 ተዋንያን ናቸው። ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው፣ ጓንት አጥልቀው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ቆሙ። እግረኛ ዜብራውን ትቶ በመኪና መሐል ሲሾልክ አንዱ ተዋናይ ከኋላው ይከተልና አካሄዱን ይቀዳል፤ ትከሻውን አጎንብሶ፣ አንገቱን አሥግጎ፣ ልክ እንደ እሱ ይጣደፋል። ዳር የቆመው ሰው ይስቃል። ሰውየው ለምን እንደሚሳቅ ግራ ገብቶት ዘወር ሲል የራሱን ቅጂ ያገኘዋል። መኪናውን ዜብራው ላይ ያቆመ ሾፌር ደግሞ ተዋናዩ መጥቶ መኪናውን በባዶ እጁ ወደ ኋላ እየገፋ ሲያልበው፣ ላቡንም ሲጠርግ ያያል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ሾፌሩ ማርሹን ወደ ኋላ ያስገባል። ተዋናዩ መሣሪያ የለው፣ ቃል የለው፣ የቅጣት ደረሰኝ የለው፤ ስለዚህ የሚከራከረው ወይም ጉቦ የሚያቀርብለት አልተገኘም። ጥቂት እንደቆየ ሌሎች 400 ያህል ሰዎች ሠልጥነው ተጨመሩ።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ 350 ሺህ ካርዶች አሳትሞ ለሕዝብ አደለ። በአንዱ ገጽ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያነሣ፣ በሌላው ወደ ታች የደፋ እጅ ተሥሎበታል። መንገድ የሰጠውን ሾፌር በአንዱ ማመስገን፣ የገፋውን በሌላው መውቀስ ነው፤ የእግር ኳስ ዳኛ ካርድ ለሁሉም ተሰጠ እንደ ማለት። መሣሪያ በየኪሱ በሚያዝበት ከተማ ስድብና ቡጢ የነበረው ንግግር ወደ ወረቀት ወረደ። ባለታክሲዎችን በተመለከተ ከንቲባው የሄዱበት መንገድም ተገላቢጦሽ ነው። ሕዝቡ ባለጌውን ሳይሆን ጨዋውን ባለታክሲ በስልክ እንዲጠቁም ጠየቁ። 150 ያህል ጥቆማ መጣ። የተመሰገኑትን ሰብስበው ሌሎቹ እንዴት ይታረሙ ብለው አማከሯቸው፤ «የዜብራ ፈረሰኞች» የሚል ማዕረግም ሰጥተው ማኅበር አቋቋሙላቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን በጉቦ ስሙ የጠፋው፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ አባል የነበረው የትራፊክ ፖሊስ ተበተነ፤ ሥራውም ለብሔራዊ ፖሊስ ተላለፈ። የውጭ ጋዜጠኞች የሚወዱት የተዋንያኑን ታሪክ ነው፤ የፖሊሱ መበተን ግን ከዚያ ያላነሰ ድፍረት የጠየቀ ነገር ነበር።

የግድያው ነገር ከመንገዱ ይከብድ ነበር። ጥናቱ የሌሊት መጠጥና የጦር መሣሪያ ሲገናኙ ሞት እንደሚበዛ አሳየ። በ1995 መጨረሻ መጠጥ ቤቶች ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ተወሰነ። ሰዓቱ «የካሮት ሰዓት» ተባለ፤ በቦጎታ የመንደር ቋንቋ ካሮት ማለት የማይጠጣ፣ የማያመሽ፣ ልጅነቱን ያልቀመሰ ጨዋ ማለት ነው። መሰደቢያውን ቃል ከንቲባው የፖሊሲ ስም አደረጉት፤ ተቃዋሚው ለመስደብ ቢፈልግ ስድቡ ቀድሞ ተወስዶበታል። በ1996 ነዋሪው መሣሪያውን በፈቃዱ እንዲያስረክብ ዘመቻ ተደረገ። ከተረከቡት ጠመንጃና ሽጉጥ ብረት ጥቂቱ ቀልጦ የሕፃናት ማንኪያ ተሠራበት፤ ማንኪያው ላይም መሣሪያ እንደነበር ተቀረጸበት። «የጥቃት ክትባት» የተባለው ዝግጅት ደግሞ ነዋሪው የበደለውን ሰው መልክ ፊኛ ላይ ሥሎ ንዴቱን የሚወጣበት ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተካፈሉ። ክትባቱ ምን ያህል እንደያዘ መለካት ያስቸግራል፤ ማንኪያው ግን በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ነበር። ከንቲባው ራሳቸው አንዳንዴ ጠባብ ልብስ ለብሰው ካባ ደርበው «ልዕለ ዜጋ» ሆነው ይታዩ ነበር። ይህኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከልጆች ፊልም ብዙም አልራቀም። በ1996 ከአድሪያና ኮርዶባ ጋር ጋብቻቸውን የፈጸሙትም ሰርከስ ውስጥ፣ ነብሮች ባሉበት ነበር።

በ1997 ለከተማዋ ውሃ የሚያደርሰው የቺንጋሳ ዋሻ ተደርምሶ የውሃ እጥረት ተፈጠረ። የተለመደው አሠራር ሰፈር ከፋፍሎ በፈረቃ ውሃ መዝጋት ነው። ሞኩስ ግን በቴሌቪዥን ገላቸውን ሲታጠቡ ታዩ፤ ሳሙና ሲቀቡ ቧንቧውን ዘጉ፣ ሲለቃለቁ ከፈቱት፣ ተመልካቹም እንዲሁ እንዲያደርግ ጠየቁ። በሁለት ወር ውስጥ የከተማው ፍጆታ 14 በመቶ ቀነሰ። ሰዉ የከፈለው ገንዘብም እንደቀነሰ ሲያይ ቁጠባው እየቀጠለ ሄደ።

በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ከንቲባነታቸውን ለቀቁ፤ ቀሪውን ጊዜ ባልደረባቸው ፖል ብሮምበርግ ጨረሱት። በ1998 ግን ሞኩስ ያገኙት ቦታ የኖኤሚ ሳኒን ምክትል ዕጩነት ነበር፤ ሁለቱም ሦስተኛ ወጥተው ቀሩ። ቦጎታ የሰጠቻቸውን ሥራ በመሐል መጣላቸውን ብዙ ሰው እንደ ክዳት ቆጠረው። በ2000 እንደገና ለከንቲባነት ሲቀርቡ የአደባባይ ፏፏቴ ውስጥ ገብተው ተነክረው ይቅርታ ጠየቁ። ተቀበሏቸው።

ከሁለቱ ዘመኖቻቸው መሐል ያለፉት ሦስት ዓመታት የፔኛሎሳ ናቸው። ፔኛሎሳ ሲሚንቶ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ መናፈሻ፣ የብስክሌት መንገድና ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የራሱ መንገድ ያለው የአውቶቡስ መሥመር አስገነቡ። ሞኩስ በ2001 ሲመለሱ የተፎካካሪያቸውን ሥራ አላፈረሱም፤ የአውቶቡሱን መሥመር አስቀጠሉት። በአንድ ከንቲባ የተጀመረን ግንባታ ተከታዩ ማስቆሙ በተለመደበት አገር ይህ ከሱሪው ታሪክ ይልቅ እንግዳ ነገር ነበር።

ሁለተኛው ዘመን ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ ነው። መጋቢት 9 ቀን 2001 ምሽት ወንዶች ቤት እንዲቆዩና ልጆች እንዲጠብቁ፣ ሴቶች እንዲወጡ ተጠየቀ። ግዴታ አልነበረም፤ መውጣት ያለበት ወንድ ለምን እንደወጣ የሚያስረዳ ይለፍ እንዲይዝ ብቻ ተመከረ። በዚያ ምሽት 700 ሺህ ያህል ሴቶች ወጡ፤ ጥበቃውንም ሴት ፖሊሶች ያዙት። ቤት ቀርቶ ልጅ የሚጠብቅ ወንድ ያዩ ሴቶች ቆመው አጨበጨቡለት። ወንዶቹ መቅረታቸው በሕግ ሳይሆን ቢወጡ በሚያዩት ዐይን ምክንያት ነበር፤ የከንቲባው ስሌትም ይኸው ነው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ደግሞ ይበልጥ የማይታመን ነበር፤ ከሚገባው ግብር ላይ በፈቃደኝነት 10 በመቶ ይጨመር። 63 ሺህ ግብር ከፋዮች ጨመሩ። ድምሩ ከከተማው በጀት አንጻር ትልቅ አይደለም። ዳሩ ግን ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ይበላል ተብሎ በሚታመንበት ከተማ አንድም ሰው መጨመሩ ወሬ ነው።

በ2002 ፋርክ የተባለው የሽምቅ ተዋጊ ቡድን የአገሪቱን ከንቲባዎች ሥልጣን ካልለቀቃችሁ ትገደላላችሁ ብሎ አስፈራራ። ሞኩስ ጥይት መከላከያ ሰደርያ እንዲለብሱ ተመከሩ። ለበሱት። ልብ ላይ ግን በልብ ቅርጽ ቀደዱትና ለዘጠኝ ወር ያህል እንዲሁ ሲመላለሱበት ቆዩ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የታየው ለውጥ በአኃዝ የሚገለጽ ነው። የግድያው ምጣኔ ከ100 ሺህ ሰው 80 ከነበረበት በ2003 ወደ 23 ገደማ ወረደ። በዓመት ወደ 1,300 የነበረው የመንገድ ሞት ወደ 600 ገደማ ዝቅ አለ። የመጠጥ ውሃ ያለው ቤት በ1993 ከመቶ 79 የነበረው ለሁሉም በሚባል ደረጃ ተዳረሰ። ይህን ሁሉ ያመጣው ማን ነው የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። ግድያው መቀነስ የጀመረው ሞኩስ ከመመረጣቸው በፊት ነው፤ ብሔራዊ ፖሊስ በዚያው ዘመን ተሻሽሏል፤ የካስትሮ ግብር፣ የፔኛሎሳ መንገድና መብራትም አለበት። ውሃውን ያስገባው ቧንቧ እንጂ ይሉኝታ አይደለም። አንድ ነገር ግን አለ፤ መንገድ ላይ የሚቆም ተዋናይና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከኮንክሪት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው፤ ተቺዎቹም የውጤቱን መጠን እንጂ መኖሩን ብዙም አልካዱም።

ሞኩስ በ2003 መጨረሻ ሥልጣኑን ለግራ ዘመሙ ሉቾ ጋርሶን አስረክበው ወጡ። ለአጭር ጊዜ በሃርቫርድ ካስተማሩ በኋላ ኮርፖቪሲዮናሪዮስ የተባለውን ድርጅት ይዘው ወደ ማማከር ገቡ። የአማካሪነታቸው መልክ ከተለመደው የምርጫ ስልት ነጋዴ ይለያል፤ ዕጩ አያስመርጡም፣ የሚሸጡት ዘዴ ነው። ድርጅቱ ወደ አንድ ከተማ ሲጠራ መጀመሪያ የሚያደርገው መጠይቅ መበተን ነው። ሕግ መጣስ መቼ ትክክል ይመስልሃል? ጎረቤትህ ሕግ የሚያከብር ይመስልሃል? ራስህስ? መልሱ ከከተማ ከተማ ቢለያይም ደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ፤ ሰው ራሱን ከጎረቤቱ አብልጦ ሕግ አክባሪ አድርጎ ይቆጥራል። ሁሉም ጎረቤቴ ይጥሳል ብሎ ካመነ ሁሉም ለመጣስ ሰበብ አለው። መጠይቁ በኮሎምቢያ ከተሞችና ከዚያም ውጭ በላቲን አሜሪካ ተሞላ። የቦጎታው ልምድ የዴንማርኩ ፊልም ሠሪ አንድሬያስ ሞል ዳልስጎር በ2009 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ወደ ሌላውም ዓለም ዞረ። ዘዴውን የቀዱ ከንቲባዎች አብዛኞቹ የቀዱት ተዋንያኑን ነው። መጠይቁን፣ በጀቱንና ለዓመታት የሚቆየውን ክትትል የቀዱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ነጭ ቀለም ርካሽ ነው።

በአገር ደረጃ ዕድላቸው ሌላ ነበር። በ2006 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ከመቶ 2 እንኳ አልሞሉም። በ2010 ግን ሦስቱ የቀድሞ የቦጎታ ከንቲባዎች፣ ሞኩስ፣ ፔኛሎሳና ጋርሶን፣ በአረንጓዴው ፓርቲ ተሰባስበው ሞኩስ ዕጩ ሆኑ፤ የሜዴጂን የቀድሞ ከንቲባ ሰርሒዮ ፋሃርዶም ምክትል ሆነው ቀረቡ። ወጣቱ የሱፍ አበባ ይዞ በየአደባባዩ ወጣ፣ ፌስቡክ አረንጓዴ ሆነ፣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችም መሪ አደረጓቸው። ከምርጫው ቀደም ብሎ ፓርኪንሰን የተባለው ሕመም እንደያዛቸው ራሳቸው ለሕዝብ ተናገሩ፤ ይህም ቢሆን አልጎዳቸውም። የጎዳቸው ምላሳቸው ነው። በክርክር መድረክ ለሚጠየቁት ጥያቄ እንደ ፈላስፋ ያሰላስላሉ፣ ይመለሳሉ፣ ያርማሉ፤ ተፎካካሪያቸው ሁዋን ማኑዌል ሳንቶስ ደግሞ በአጭሩ ይመልሳሉ። በመጀመሪያው ዙር ሳንቶስ 46፣ ሞኩስ 21 በመቶ ያህል አገኙ፤ በሁለተኛው 69 ለ27 ተሸነፉ። ከንቲባው መንገድ ላይ ያለ ቃል ያሸነፉትን ክርክር በቃል ተሸነፉ።

በ2018 ወደ ፖለቲካ ተመልሰው ለላይኛው ምክር ቤት ከ500 ሺህ በላይ ድምፅ አገኙ፤ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት አልቫሮ ኡሪቤ ቀጥሎ ብዙ የተመረጡ ሴናተር ሆኑ። ሐምሌ 20 ምክር ቤቱ ሲከፈት ተሰናባቹ የሴኔት ፕሬዚዳንት ሲናገሩ አዳራሹ ይንጫጫ ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላቸው ሞኩስ ብድግ ብለው እንደ 1993ቱ ሱሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚህኛው ጊዜ የተገረመው ጥቂት ነው፤ ድርጊቱ ከ25 ዓመት በፊት የነበረውን መለስ ብሎ እንደመጥቀስ ነበር። ወንበራቸው ግን ክርክር አስነሣ። ኮርፖቪሲዮናሪዮስ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የማማከር ውል ነበረው፤ የኮሎምቢያ ሕግ ደግሞ ከምርጫ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ከመንግሥት ጋር የተዋዋለ ሰው እንዳይመረጥ ይከለክላል። ሞኩስ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት እንጂ ውሉን የፈረሙ ሰው አልነበሩም፤ ጠበቆቻቸውም ይህንኑ ተከራከሩ። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በወረቀት ላይ የድርጅቱ ሕጋዊ ወኪል እሳቸው ናቸው ብሎ ምርጫቸውን ሰረዘው።